የግብር ውሳኔ ደረሰን፤ በቀጥታ ፍርድ ቤት መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባሕር ዳር ጣና ዳር ትንሽ ሎጅና ምግብ ቤት አለን። ድርጅታችን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሁለት የሞተር ጀልባ አለን፤ እንግዶችን ወደ ዘጌ እናመላልሳለን። የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ የ2014 እና የ2015 ሒሳባችንን ኦዲት አድርጎ 800 ሺህ ብር የዓሣ ግዢና 300 ሺህ ብር የጀልባ ቤንዚን ‹ደረሰኝ የለውም› ብሎ ሰረዘብን። የጀልባ ገቢያችንን ደግሞ የጥር 2015ን ጉዞ በ12 አባዝቶ፣ ለሁለቱ ዓመት በድምሩ 500 ሺህ ብር ጨመረበት። ግብሩ 480 ሺህ ነው፤ ከመቀጫና ከወለድ ጋር 700 ሺህ ተጠግቷል። ደብዳቤውን የሒሳብ ሠራተኛችን ኅዳር 4 ፈርማ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እኔ ያየሁት ትናንት ኅዳር 18 ነው። ግማሹን ካልከፈላችሁ ቅሬታ አይቀበሉም ብለውናል። በቀጥታ ፍርድ ቤት ከስሰን ማሳገድ እንችላለን? ወይስ ሽማግሌ ብንልክ ይሻላል?»

መጀመሪያ ቀን እንቁጠር። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ኅዳር 4 ከደረሰዎ ኅዳር 25 ያበቃል። ዛሬ ኅዳር 19 ነው። ስድስት ቀን ቀርቶዎታል ማለት ነው። «እኔ ያየሁት ትናንት ነው» የሚለው አያዋጣም። ደብዳቤው በድርጅቱ ቢሮ፣ በድርጅቱ ሠራተኛ ተፈርሞ ተወስዷል፤ ስለዚህ ደርሷል። መሳቢያው የእርስዎ ነው።

ጊዜው እንዲራዘም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ግን ጥያቄው 21ዱ ቀን ሳያልቅ መግባት አለበት፤ ቢፈቀድም ከ10 ቀን አይበልጥም። ሕጉ የሚጠራቸው ምክንያቶች ሕመም፣ ከሀገር ውጭ መሆን ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ናቸው። የተረሳ ደብዳቤ በቂ ምክንያት ነው ብዬ አልወራረድም። ስለዚህ የሚሠሩት ኅዳር 25ን አስበው ነው።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። በቀጥታ መክሰስ አይችሉም። የግብር ውሳኔን መቃወም የሚቻለው አዋጁ ባስቀመጠው መሰላል ብቻ ነው። መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ላለው ቅሬታ አጣሪ ክፍል ማመልከት። ቀጥሎ የታክስ ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት። አንዱን ዘለው ሌላው ላይ ቢወጡ መዝገቡ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይዘጋል። እርስዎ ያንን መልስ ሲጠብቁ 21ዱ ቀን ያልፋል፤ ውሳኔው የመጨረሻ ይሆናል፤ ዕዳው የጸና ዕዳ ይሆናል። የጸና የግብር ዕዳ ደግሞ እንደ ግለሰብ ብድር የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይጠብቅም። ግብር ሰብሳቢው በራሱ ሥልጣን ንብረት ይይዛል፣ የባንክ ሒሳብ ያግዳል።

ሽማግሌውን በተመለከተ፣ ሐሳቡ ይገባኛል። እዚህ አገር ከጎረቤት ጋር በድንበር ብንጣላ፣ ከወንድም ጋር በውርስ ብንጋጭ፣ ሽማግሌ ይፈታዋል። የግብር ሹም ግን ዕዳ የመማር ሥልጣኑ ከሕግ እንጂ ከልቡ የሚመጣ አይደለም። «ይቅር በለን» ተብሎ ይቅር ቢል ነገ እሱ ራሱ ተጠያቂ ነው። ከሽማግሌው ይልቅ የምፈራው ደግሞ «ውስጥ ሰው አለኝ፣ እጨርስልሃለሁ» የሚለውን ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ገንዘብዎንም ቀንዎንም ይዞ ይሄዳል።

ግማሹን ክፈሉ የተባላችሁት የተምታታ ነገር ነው። ቅሬታ አጣሪው ዘንድ ለመግባት 50 በመቶ አይጠየቅም። የሚጠየቀው የማትከራከሩበትን ክፍል መክፈል ነው። 50 በመቶው የሚመጣው ቅሬታችሁ ውድቅ ሆኖ ወደ ኮሚሽኑ ስትሄዱ ነው። ያም ቢሆን የሚሰላው በምትከራከሩበት ግብር ላይ ብቻ ነው፤ መቀጫና ወለዱ አይገባበትም። ፍርድ ቤት ስትደርሱ 75 በመቶ ይሆናል። በ700 ሺህ ላይ አስባችሁት ከሆነ የተጨነቃችሁት በተሳሳተ ቁጥር ነው።

ሦስቱን ነጥቦች በተለያየ ዓይን ማየት አለብን። አንድ ላይ ጠቅልሎ «ውሳኔው አግባብ አይደለም» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ነው። አዋጁ ራሱ የቅሬታው ምክንያት፣ እንዲስተካከል የሚፈለገው ነጥብና የሚስተካከልበት ምክንያት በግልጽ እንዲጻፍ ይፈልጋል።

ከቤንዚኑ እንጀምር። ማደያ ላይ ሲጠፋ በጄሪካን ከመንገድ ዳር እንደተገዛ እገምታለሁ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ነቢይ መሆን የለበትም። ግን ለዚህ ግዢ ደረሰኝ የለም፤ ሻጩም ስሙን አይሰጥም። ሕጉ ወጪ የሚቀንሰው ገቢውን ለማግኘት አስፈላጊ መሆኑ ብቻ ሳይሆን በማስረጃ ሲደገፍም ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያጓጓ ክርክር አለ፦ «ቤንዚን አልገዛችሁም ይሉናል፣ ጉዞውን ግን ያበዙብናል፤ ታዲያ ጀልባው በጸሎት ነው የሚሄደው?» ጥሩ ቀልድ ነው። በጽሑፍ ካነሱት ግን ቀጣዩ ጥያቄ «ቤንዚኑን ከየት ገዛችሁ?» ነው። ያንን በር አይክፈቱ። የማደያ ደረሰኝ ያለው ካለ ለዩትና አቅርቡት። የቀረውን አምናችሁ ክፈሉ። ሙሉ በሙሉ ደረሰኝ ከሌለው ግብሩ በድርጅታችሁ የትርፍ ግብር መጣኔ የ300 ሺህ ብር 30 በመቶ፣ 90 ሺህ ብር ነው። ቅሬታውን ከማስገባታችሁ በፊት ይከፈል፣ ደረሰኙም ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። ያመናችሁበትን ግብር ሳትከፍሉ ያስገባችሁት ቅሬታ እንደገባ አይቆጠርም።

የዓሣው ጉዳይ ሌላ ነው። እዚህ ጋ ጊዜ እንውሰድ።

ዓሣ አጥማጁ ደረሰኝ የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ከሌሊቱ መረቡን አንሥቶ፣ ጎሕ ሲቀድ ቀረሶውንና አምባዛውን ዳር ላይ ይዘረግፋል። የእናንተ ገዢ ሄዶ ይመዝናል፣ ይከፍላል፣ ይመለሳል። ያ ሁሉ የሚጻፈው አንድ ደብተር ላይ ነው። እንደዚህ ያለ ደብተር በእጄ ገብቶ ያውቃል። ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በዓሣ ቅባት የወረዛ። ቀን፣ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ስም፣ መጨረሻ ላይ የአውራ ጣት አሻራ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሚዛኑ ሲያጣላ የተሰረዘና በላዩ የታረመ ቁጥር አለ። ኦዲተሩ «ይህ ደረሰኝ አይደለም» አለ። እውነቱን ነው፣ አይደለም። ግን ማስረጃ ነው። ስርዝ ድልዙ ራሱ በአንድ ቀን ተቀምጦ የተጻፈ አለመሆኑን ይመሰክራል።

ደረሰኝ መስጠት ከማይጠበቅበት ሻጭ ሲገዛ መፍትሔው የግዢ ቫውቸር ነው። የሻጩ ስም፣ አድራሻ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ መጠን፣ ዋጋና ፊርማ ያለበት። ቫውቸር ካላችሁ ከደብተሩ ጋር ቀን በቀን አስተያዩት። ከሌላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ዛሬ ተቀምጣችሁ የ2014 ቫውቸር እንዳትጽፉ። ያ የታክስ ክርክርን ወደ ወንጀል ክስ ይቀይረዋል። እውነተኛውንም ማስረጃ አብሮ ያበላሸዋል።

ጠንካራው ክርክር ግን ደብተሩ ውስጥ አይደለም፤ ካሽ ሬጅስተሩ ውስጥ ነው። ኦዲተሩ የዓሣ ጉላሽና የዓሣ ጥብስ ሽያጫችሁን በማሽኑ እንደተመዘገበ ተቀብሎታል፣ ግብርም አስቦበታል። ዓሣ ሸጣችኋል ካለ፣ ዓሣ ገዝታችኋል። በየወሩ ስንት ሰሐን እንደተሸጠ ከማሽኑ አውጡ። አንድ ሰሐን ስንት ግራም እንደሚወስድ ከወጥ ቤቱ ጠይቁ። የሚባክነውን፣ አጥንትና ጭንቅላቱን፣ ጨምሩ። ከደብተሩ ኪሎ ጋር አነጻጽሩት። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የዓሣ ሽያጭ ከፍ ካለ፣ ደብተሩም በዚያው ወር ከፍ ማለት አለበት። ሁለት የማይተዋወቁ መዝገቦች አንድ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ካሳያችሁ፣ አጣሪው በቀላሉ የሚያልፈው ነገር አይሆንም። ካልገጠመ ደግሞ ከእነሱ በፊት እናንተ እወቁት።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ አለ፤ በኋላ ፍርድ ቤት የሚያስኬዳችሁም እሱ ሊሆን ይችላል። የደብዳቤውን አባሪ ገልብጣችሁ እዩ። ለዓሣ ሻጩ ስትከፍሉ ግብር ቀንሳችሁ ለመንግሥት አላስገባችሁም ተብሎ የተጠየቀ ነገር ካለ፣ እንዴት እንደተሰላ አጥኑት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008፣ በእነዚያ ዓመታት በነበረው ድንጋጌ፣ ዕቃ ሲገዛ 2 በመቶ ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ የሚመጣው በአንድ ግብይት ወይም በአንድ የአቅርቦት ውል ከ10 ሺህ ብር ሲበልጥ ነው። ሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ወደ 30 በመቶ ይወጣል። የእናንተ ግዢ በየማለዳው የሁለትና የሦስት ሺህ ብር ነው እንበል። እያንዳንዱ ጠዋት ራሱን የቻለ ግብይት ነው። የወሩን ደምሮ «ከ10 ሺህ በላይ ነው» ማለት ሕጉን በተሳሳተ መንገድ መተርጎም ነው። ከአጥማጆቹ ማኅበር ጋር የወር ውል ፈርማችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሉ አንድ ነውና።

የጀልባው ገቢ ግምት ደግሞ ከሁሉም የሚቀለው ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቱ መገመት ይችላል፤ መዝገብ ሲጠፋ ወይም መዝገቡ የማይታመን ሲሆን ሕጉ ይፈቅድለታል። ግምቱ ግን በእጁ ባለው ማስረጃ መመሥረት አለበት። ጥር ለጣና የዓመቱ ወፍራም ወር ነው። የገና እንግዳ ሳይወጣ ጥምቀት ይደርሳል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ዲያስፖራው ገብቷል። ጥርን በ12 ማባዛት ዓመቱን ሙሉ ጥምቀት ማድረግ ነው።

ሒሳባችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚሄድ ከሆነ ቀን ቁጠሩላቸው። የ2014 የግብር ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ጦርነቱ አማራ ክልል ውስጥ የገባበት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ እስከ የካቲት ቆይቷል። የ2015 የግብር ዓመት ሲጀምር በነሐሴ ጦርነቱ እንደገና አገረሸ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። ጥር 2015 እንግዳ የበዛበት፣ ሰላም ወረደ ተብሎ ሰው የተነቃነቀበት ወር ነበር። እሱን ወስዶ ጥቅምት 2014 ላይ መለጠፍ ግምት አይባልም። ክረምቱን አልጨመርኩም እንኳ።

ይህን ግን በወሬ አትጻፉት። ገዳማቱ ለእንግዳ መግቢያ ደረሰኝ ይቆርጣሉ፤ የአስጎብኚዎቹ እጅ ላይ ቀሪ ይኖራል። ጀልባዋ የቆመችባቸው ወራት የጥገና ወጪ፣ የአልጋ መዝገባችሁ፣ የባንክ ገቢያችሁ በየወሩ ይውጣ። ዘጌ ደርሶ መልስ፣ የገዳማቱ ጉብኝት ሲጨመርበት፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ከሰዓት ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባ አውጪ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ጀልባ በቀን ቢበዛ ስንት ጊዜ ሊወጣ እንደሚችል ጻፉላቸው። ኦዲተሩ ያንን ሳይጠይቅ አልፎት ከሆነ፣ ያለፈበትን ቦታ በጣት አሳዩት።

ይህን ሁሉ የምለፋበት ምክንያት አለ። የግብር ውሳኔ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። መሥሪያ ቤቱ ትክክል መሆኑን አያስረዳም፤ እናንተ ስህተት መሆኑን ታስረዳላችሁ። ፍርድ ቤት ስትደርሱ ደግሞ ከኮሚሽኑ የሚቀርበው ይግባኝ በሕግ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ዳኛው ደብተራችሁን ገልብጦ «በእርግጥ 800 ሺህ ብር ዓሣ ገዝተዋል» አይልም፤ ያ የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው፣ ኮሚሽኑ ላይ ያበቃል። ዳኛው የሚጠይቀው «‹በአንድ ግብይት› የሚለው በትክክል ተተርጉሟል ወይ? ኮሚሽኑ የቀረበለትን ማስረጃ ሳይመረምር አልፏል ወይ? ግምቱ ሕጉ የሚፈቅደውን መሠረት ይዟል ወይ?» ነው። ከዚያ ውሳኔውን ያጸናል፣ ይሽራል ወይም እንደገና እንዲታይ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ላይ ያላያያዛችሁትን ደብተር ፍርድ ቤት ይዛችሁ ብትሄዱ የሚያየው የለም። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ሙሉ ካርቶን ማስረጃ ይዞ መጣ። የመጣው በ22ኛው ቀን ነበር። ካርቶኑን አልከፈትኩትም፤ ምን ያደርግልኛል?

የጊዜውን ነገር ባጭሩ። ቅሬታ አጣሪው በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። 180ው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ትችላላችሁ። ከወሰነም ውሳኔው በደረሳችሁ በ30 ቀን። ኮሚሽኑ በ120 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ እስከ 60 ቀን ሊራዘም ይችላል። ከዚያ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 30 ቀን፣ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 30 ቀን። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚባል ከሆነ በመጨረሻ ሰበር ሰሚ ችሎት አለ። የእሱ የሕግ ትርጉም ከ1997 ጀምሮ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ይገዛል። ለእናንተ የገንዘብ መጠን እዚያ ድረስ መሄድ የጠበቃ ደመወዝ መክፈል ነው እንጂ ሌላ አይታየኝም። ‹በአንድ ግብይት› የሚለው ትርጉም ጉዳይ ካልሆነ በቀር።

ሁለት ጥያቄ በውስጥ መስመር የሚመጣብኝ ስለሆነ ልመልስ። አንዱ «ባሕር ዳር ላይ ለምን አይታይም?» የሚል ነው። በመጀመሪያ ደብዳቤው የማን ማኅተም እንዳለበት እዩ። የክልሉ ገቢዎች ከሆነ የክልሉ ሕግና የክልሉ መሰላል ነው፤ እዚህ የጻፍኩት ቀንና መቶኛ በቀጥታ አይሠራም። የፌዴራል ከሆነ የነገርኳችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ አድርጓል። ስለዚህ ይግባኙ ላይ ስትደርሱ መዝገቡ የት እንደሚከፈት ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩ። የከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት ግን በምንም መንገድ ቦታው አይደለም። ሁለተኛው መቀጫ ማስነሣት ነው። የአስተዳደር መቀጫ እንዲነሣ መጠየቅ ይቻላል፤ በመመሪያ የሚታይ ነው። ግን የመቀጫ ማስነሻ ማመልከቻ ቅሬታ አይደለም፣ 21ዱንም ቀን አያቆምም። ሁለቱን በሁለት ወረቀት አስገቡ።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህ ነው። 90 ሺውን ነገ ጠዋት እከፍላለሁ። በዓሣውና በግምቱ ላይ፣ ማለትም በ390 ሺህ ብር ግብር ላይ፣ እከራከራለሁ። ኮሚሽን ከደረሰ ማስያዣው 195 ሺህ ነው፣ ፍርድ ቤት ከደረሰ 97,500 ጨምሬ 292,500 አደርሰዋለሁ። ካሸነፍኩ ይመለሳል ወይም ለሌላ ዕዳዬ ይካካሳል። ከተሸነፍኩም ወለድ የሚቆጥርብኝ ያልከፈልኩት ብቻ ነው። የግምቱን ክፍል በመጀመሪያው ደረጃ፣ ቅሬታ አጣሪው ጋ እንደማሸንፈው እጠብቃለሁ። የዓሣውን ቢያንስ በከፊል። ስለዚህ ጉልበቴን በሙሉ እዚህ ስድስት ቀን ላይ አደርገዋለሁ፤ ለጠበቃ የማወጣውንም ገንዘብ እንዲሁ።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አባሪዎቹን ቁጥር ስጧቸው፤ «አባሪ 4፣ የዓሣ ግዢ ደብተር፣ 112 ገጽ» እንደሚባለው። ዋናውን ደብተር አትስጡ፣ ኮፒውን አስገቡ፤ ዋናው ሲጠየቅ ይቀርባል። መዝገብ ቤት በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን እንዲያሳርፍ ሳታደርጉ ከመስኮቱ አትራቁ። ኅዳር 25ን አትጠብቁ፤ የዚያን ዕለት መብራት ሊጠፋ፣ ማኅተም ያዡም ለቅሶ ሊሄድ ይችላል። 23 ላይ ይግባ። የሒሳብ ሠራተኛዋን አትቆጡባት፤ ደብተሩን ከማሽኑ ጋር የምታስተያየው እሷ ናት፣ ስድስቱን ቀን ትፈልጓታላችሁ።